በቅሎው የት ይታሰር?

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዱ የግል ትምህርት ቤት በር ያለፈ ሰው የምነግራችሁን አይቶታል። መንገዱ ቢበዛ ሁለት መኪና ቢያሳልፍ ነው። በቀኙ በኩል ተቆሞበታል። በግራው ሁለቱን ፍሬቻ እያብለጨለጨ «አንዲት ደቂቃ ብቻ» ያለ ሌላ ወላጅ ቆሟል። መሀል ላይ ሚኒባስ ታክሲ ተቀርቅሮ ጡሩምባውን ይነፋል። ዘበኛው ፊሽካ ይነፋል። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው በአንዱ መኪና አፍንጫና በሌላው ጅራት መካከል ይሹለከለካሉ። ከዚያ አንዱ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ስድብ ይጀመራል።

ወሬው በተነሣ ቁጥር ሁላችንም የምንለው አንድ ነው። መኪና በዛ፣ መንገድ ጠበበ፣ ማቆሚያ የለም። እውነት ነው፣ በዝቷል፤ ጠቧል፤ የለም። ነገር ግን ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የተጣባኝ አመል አለ፤ ጠብ ስሰማ ሰዎቹ የተጣሉበትን ነገር ትቼ የተጣሉለትን ነገር እፈልጋለሁ። እዚህ ጠብ ውስጥ ያለው ጥያቄ ከመኪናም ከአስፋልትም በፊት የነበረ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው የት ላይ ቆሞ ይመለስ? በአባቶቻችን ጊዜ ቢሆን፣ በቅሎው የት ይታሰር? በዚህ ጉዳይ እኔ የማውቀው በጣም ጥንታዊ ውሳኔ የተሰጠው መኪና ባልበዛበት አገር፣ ወሎ ውስጥ፣ ባደግሁበት አካባቢ፣ ሐይቅ ላይ ነው።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው የሚያገኟት የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ እሷን አልፎ አምባሰል ይቀጥላል። ስሟን ያገኘችው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ውሃ ነው። እዚያ ውሃ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ በጥንት ጊዜ ግን ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ መምህር ሲሆኑ ቦታው ከአገሪቱ ታላላቅ የትምህርት ማእከሎች አንዱ ሆነ። እሳቸው ራሳቸው ደብረ ዳሞ ተምረው የመጡ ናቸው፤ ከእሳቸው ዘንድ ደግሞ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ድረስ መጥተው ተምረዋል። ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያስጻፉት አራቱ ወንጌል፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው፣ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። የዛሬ ትምህርት ቤት የአምናውን ካርድ ስትጠይቁት «ጠፍቷል» ነው የሚላችሁ፤ ይህን እግረ መንገዴን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ ሐይቅ በኩል አልፏል። መነኮሳቱ ከገዳሙ ወደ የብስ የሚመላለሱት ከደንገል በተሠራ፣ ትልልቅ ቅል በታሰረበት መንሳፈፊያ እንደነበር በጉዞ መጽሐፉ ጽፎልናል። እስቲ ይህን መንሳፈፊያ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ደንገል ላይ በቅሎ አትሳፈርም። አሽከር ተደርድሮ አይሳፈርም። የልጁ አባት የፈለገውን ያህል ጌታ ቢሆን እስከ ውሃው ዳር ነው። እናትማ ከዚያም ወዲህ ናት፤ ገዳሙ እስከ ዛሬ ሴት የማይገባበት ነው። ልጁ ደንገሉ ላይ ይወጣል፤ አባት ልጓሙን ይዞ ይመለሳል። ትምህርት ቤቱ ሕግ አላወጣም፣ ዘበኛ አልቀጠረም፣ ማስታወቂያ አልለጠፈም። ውሃው በቃ አለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ሐይቁ ዳር ከአንድ የዕድሜ ባለጸጋ ጋር ስንጨዋወት ይህንኑ አነሣሁባቸው። «አባቴ፣ ያን ጊዜ የመኳንንቱ በቅሎ የት ይታሰር ኖሯል?» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝና፣ «ማዶ ነዋ ልጄ! በቅሎ ገብታ ምን ልትማር?» አሉኝ።

ነገሩ የገዳሙ ብቻ አይደለም፤ የወሎ ትምህርት በሁለቱም ሃይማኖት እንዲህ ነበር። ቅኔ ፍለጋ የሚወጣው የቆሎ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል። ኪታብ ሊቀራ የሚወጣው ደረሳም እንዲሁ ከሼኽ ወደ ሼኽ። ሁለቱም ከእናታቸው ደጅ ርቀው ነው የሚማሩት፤ ሁለቱንም በየመንደሩ የሚያስጨንቃቸው ውሻ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው የበዛብህን ተማሪ ቤት ያስታውሳል፤ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ልጁን በጠዋት አድርሶ በማታ የሚወስድ አባት አይፈለግም። ዘመኑን ላወድስ አይደለም ይህን የምለው። ስንቱ ልጅ በረሃብና በእከክ፣ በንዳድም ተመትቶ በየመንገዱ ቀርቷል። ሴት ልጅማ ከቤት አልወጣችም። ያን ኑሮ ለልጄ አልመኝም። የምለው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባት ሥልጣን የሚያልቅበት መስመር ነበረ፤ መስመሩንም ሁሉም ያውቀው ነበር።

መውረድ ራሱ ደንብ ነበረው። ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ከበቅሎው ወርዶ፣ ተሳልሞ ነው። የሚበልጠው ሰው መንገድ ላይ ሲገጥመውም ይወርዳል። በቅሎ መጓጓዣ ብቻ አልነበረችማ! ማዕረግ ነበረች። ኮርቻዋ፣ መርገፏ፣ ከፊትና ከኋላ የሚሮጠው አሽከር ቁጥር፣ ሁሉም የጌታዋን ስም ይናገር ነበር። እንግዲህ ከበቅሎ የወረደ ሰው ስሙን ለአፍታ መሬት አስቀመጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ዘመናዊ ትምህርት ቤትና መኪና እዚያ ከተማ የገቡት በአንድ ወቅት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተውም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ እንግዶች ግን ለብዙ ዓመታት አልተዋወቁም። የመኳንንቱ ልጆች ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመጡት በበቅሎ ሆነው፣ አሽከር አስከትለው ነበር። የወሎው የራስ ሚካኤል ልጅ አቤቶ ኢያሱ፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ መኰንን ከዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል ናቸው።

ልብ በሉ፤ ሐይቅ ላይ ውሃ ያስቆመው በቅሎና አሽከር እዚህ በሩ ድረስ መጣ። አዲስ አበባ ውሃ የለማ! ጌታው ልጅ ተምሮ እስኪወጣ አሽከር በቅሎ ይዞ ደጅ ይጠብቃል። ብዙ በቅሎ በተኮለኮለበት ደግሞ እርግጫ አይጠፋም። የትምህርት ቤት ደጅ የማን ልጅ እንደመጣ የሚታይበት አደባባይ ሆነ። በእኔ ግምት የዛሬው ጠብ ዘር የተዘራው ያኔ ነው፤ መኪናው ኋላ መጥቶ የበቅሎዋን ቦታ ወረሰ እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። አምና የእህቴን ልጅ ለማድረስ በእግራችን ሄደን ሳለ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት በር ላይ ይህን ተረት በዓይኔ አየሁት። አንዲት ቪትዝ በሩ ፊት ቆማለች። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ የሕፃን ልጁን ቀበቶ ይፈታል። ከኋላ ላንድ ክሩዘር ደርሶ ጡሩምባ ነፋ፣ ደገመ፣ ከዚያ ሰውየው ወረደ።

«አንሣ!»

«ልጅ እያወረድኩ ነው፣ አይታይህም?»

«አንሣ አልኩህ! እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

ባለ ቪትዙም ዝም አላለም፤ የአጎቱን ስምና ሥልጣን ጠራ። አጎት! ሣቄን ዋጥኩት። ሽበታሙ ዘበኛ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ጌቶቼ፣ በእናታችሁ፣ ልጆቹ እየሰሙ ነው» እያሉ በሁለቱ መካከል ይለምናሉ። ላንድ ክሩዘሩ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ተቀምጧል። አባቱ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል። በመጨረሻ ከመስኮቱ በላይ የሚታየኝ ፀጉሩ ብቻ ሆነ። ደወል ተደወለ። የእህቴ ልጅ እጄን ጎትታ፣ «ጋሼ፣ ረፈደብኝ እኮ» አለችኝ።

«ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» የሚለውን አነጋገር ሐይቅ ዳር ቆሞ ለውሃ መናገር አይቻልም። ለዘበኛ ግን ይቻላል። የእኚህ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ከነዚሁ ወላጆች ገንዘብ ነው፤ ፊሽካቸው ቢጮህም የማንን በቅሎ ያስቆማሉ?

በምኒልክ ትምህርት ቤትና በዚህ በር መካከል ጠቡ የጠፋባቸው ረጅም ዓመታት እንዳሉ አትርሱ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም እቴጌ መነን፣ ተማሪው እዚያው የሚያድርባቸው ነበሩ፤ አንዴ የገባ ልጅ በየጠዋቱ የሚያደርሰው አያስፈልገውም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያን በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚዘልቀውን መንገድ ሠራ፤ በሐይቅ የሚያልፈውም ይኸው ነው። መንገዱ መጣ ማለት ግን ገበሬው ልጁን በመኪና ላከ ማለት አይደለም። እኔ ስማር፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከገጠር የመጣን ልጆች ከተማ ውስጥ ለሦስትና ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አባቴ በገበያ ቀን ስንቅ ጭኖ ሲመጣ አህያውን ገበያው ዳር አስሮ፣ ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲህ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን «ለምን አትገባም?» ብለው፣ «እዚያ ውስጥ እኔ ምን አለኝ? የአንተ ነው» አለኝ። ማንበብ አይችልም ነበር።

ከተማም ውስጥ ቢሆን በዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ እግረኛ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የግል ትምህርት ቤቶች ተወርሰዋል፤ ልጁ በቅርቡ ባለው ትምህርት ቤት በፈረቃ ይማራል፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጋፋ ሄዶ እየተጋፋ ይመለሳል። የጌታም የድኃም ልጅ ጫማው አቧራ ነው። ለውጡ የመጣው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ትምህርት ቤቶች በሩን ከከፈተ በኋላ ነው። መከፈቱ መጥፎ አይደለም። ዳሩ ግን ትምህርት ቤቶቹ የት ተከፈቱ? ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ በተሠራ ቪላ ውስጥ። አንድ መኪና ማስገቢያ ያለው የብረት በር፣ ፊት ለፊቱ የሰፈር መንገድ፣ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ልጅ። ወላጁም ትምህርት ቤት የሚመርጠው በሰፈር መሆኑ ቀርቶ በስም ሆነ፤ ኮተቤ የሚኖር ሰው ልጁን ሳር ቤት ያስተምራል። እንግዲህ ይህ ልጅ በእግሩ ይሂድ ልትሉት ነው?

ማቆሚያ ይሠራ የሚል መፍትሔ ይነሣል። ተሠርቷል እኮ! መኪናን እንደ ዕቃ ወደ ላይ የሚደረድረውን ማቆሚያ መገናኛና፣ ስሙ ወደ አገሬ ይወስደኛልና በደስታ የምጠራው፣ ወሎ ሰፈር ላይ አይተነዋል። ልጅ የሚያደርስ ወላጅ ግን ማቆሚያ አይደለም የሚፈልገው፤ በሩን ነው። ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ባዶ ቦታ ብትሰጡት አይወርድም። ሁለት መቶ ሜትር ከልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ አሁን አሁን እንደ ውርደት የሚታይ ይመስለኛል።

ፍርሃትም አለበት፣ እሱን አልክድም። በዚህ ረገድ እንግሊዞች ያጠኑት ነገር ይገርማል። ሜየር ሂልማን የተባለው ተመራማሪና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት፣ በ1971 ከ7 እና ከ8 ዓመት ልጆች ከመቶ 80ው ያለ አዋቂ ብቻቸውን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በ1990 ግን ከመቶ 9 ብቻ ቀሩ። ወላጆቹ ምክንያታቸው ምንድን ነው ቢባሉ፣ መኪና ፈርተን አሉ። ልጁን ከመኪና ለማዳን መኪና ውስጥ አስገቡት፤ መኪናው በዛ፤ ፍርሃቱም ባሰ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የሚለውን የእኛን አባባል እንግሊዞች ቢያውቁት ኖሮ ጥናቱ ባጠረ። እኛም ያው እየሆንን ነው። በበሩ ፊት ልጅን የሚያሰጋው መንገደኛ መኪና ብቻ አይደለም፤ ልጁን ያደረሰውና አሁን ኋላ ማርሽ አስገብቶ ለመውጣት የሚታገለው የወላጅ መኪናም ነው። ማንም የማያደርሰው፣ በእግሩ የመጣው የጎረቤት ልጅ ደግሞ በዚያ መሀል ነው የሚያልፈው።

ሐይቅ ከተማ ይህ ገና አልደረሰም፤ ጅምሩ ግን አለ። እዚያ መኪናው ባጃጅ ነው። ጠዋት አራት አምስት ሕፃን የጫነ ባጃጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ይገለብጣቸውና ይዞራል፤ ሌላው ይተካል። አደገኛው ግን ዋናው አስፋልት ነው፤ የወልድያን መንገድ ይዞ የሚመጣው ሲኖትራክ፣ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለው፣ ለተማሪ ብሎ ፍሬን አይዝም።

እንዲያም ሆኖ እዚያ የትምህርት ቤት በር ተጨናንቆ ሳይ ደስ ነው የሚለኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ በበሮቹ የሚገባ ተማሪ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተነግሯል። የተዘጋ በር አይጨናነቅም። ላንድ ክሩዘሩና ቪትዟ ሲጣሉ ቆሜ ሳይ በአእምሮዬ ይመላለስ የነበረው ይህ ቁጥር ነው፤ ለሁለቱ ሰዎች ብነግራቸው ግን ማን እንደሆንኩ መጠየቃቸው አይቀርም ነበር።

ውሃ በሌለበት ውሃ የሆነ ሥርዓት ማቆም ይቻላል። የጣሊያኗ ቦልዛኖ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ፣ ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት፣ በትምህርት ቤት በር ያለውን መንገድ ለጥቂት ጊዜ ለመኪና ትዘጋለች። ዘዴው ለንደንን ጨምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ዋና ዋና መንገዶቿን ለእግረኛ መዝጋት ጀምራ ነበር፤ እሑድ ቀን። እሑድ ደግሞ ትምህርት የለም።

የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ከዚያ ጠብ በኋላ የወላጆች ስብሰባ ጠራ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንዱ መንገዱ ይስፋ አለ፤ አንዷ ትራፊክ ፖሊስ በቋሚነት ይመደብ አሉ፤ አንድ ጎልማሳ ለትልልቅ መኪናዎች የተለየ ሰዓት ይሰጥ ብሎ ተሣቀበት። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ከመታጠፊያው ወዲህ መኪና እንዳይገባ፣ ሕፃናቱ ከትልልቆቹ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቀድመው እንዲገቡ፣ መታጠፊያው ላይ በየሳምንቱ ሁለት ወላጅ በተራ እንዲቆም። ዘበኛ ሳይሆን ወላጅ፤ ይህን ያሉት ዘበኛው ናቸው። እኔም ተራዬ ደርሶ አንድ ሳምንት ቆምኩ። ሰኞና ማክሰኞ ብዙ ተሰደብኩ። ረቡዕ ላይ ላንድ ክሩዘሩ መታጠፊያው ጋ ቆመ፤ ልጁ ብቻውን ወረደና ሮጠ። ዐርብ ዕለት በሩ ላይ የቆመ አንድ መኪና ብቻ አየሁ። የማን ነው ብዬ ዘበኛውን ብጠይቃቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የርእሰ መምህሩ ነው» አሉኝ።